የአፋፍ የጡት ልጆች

አንኮበር፣ አፋፉ ላይ በተደረደሩት አርባ ሁለት ቤቶች ውስጥ ግድግዳው ሰው የሚቀሰቅሰው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መጀመሪያ ልጁን ይጠራል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አሳዳጊውን። ልጁ ተነሥቶ ሽንት ቤት ይገባል፤ ሽንቱ ይለካል። ቁርሱን ይበላል፤ ሳህኑ ላይ የተረፈው ይለካል። ከዚያ የገና ዱላውን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣና ሁለት መቶ ጊዜ ጥንግ ይመታል፤ አመታቱም ይለካል። አሳዳጊው አጠገቡ ቆሞ ግድግዳው በጆሮው ሹክ ያለውን ይደግምለታል፦ ክርንህን ዝቅ፣ ግራ እግርህን ቀደም። አንድ ጊዜ አንድ ጋዜጠኛ፣ ግድግዳው ራሱ ለምን ለልጁ አይነግረውም ብሎ ጠይቆ ነበር። ልጅ ከሰው አፍ የሰማውን ቶሎ ይቀበላል፣ ይህም ተጠንቷል፣ የሚል መልስ ተሰጠው።

ድልነሳው ይህን ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶታል። መስከረም 2086 ዓ.ም. ሲጠባ ስልሳ ዓመት ሊሞላው፣ ጡረታም ሊወጣ አምስት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

በገና ሊግ ውስጥ ካሉት ክለቦች አብዛኞቹ ያደገ ተጫዋች ይገዛሉ። የእነዚህ ቤቶች ባለቤት የሆነው ክለብ አፋፍ ግን አይገዛም፤ መልምሎ ያሳድጋል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የአገሩ ልጅ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ይለካና የተስፋ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ነሐሴ ላይ ክለቦቹ በተራ በተራ ይመርጣሉ። የተመረጠ ልጅ በወላጆቹ ፊት ይቀርባል፤ የተመደበለት አሳዳጊ አውራ ጣቱን ማር ያስነካና ያጠባዋል። ድሮ ልጅ ያጣ ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ የሚያደርገው በዚህ ነበር አሉ፤ አሁን የሊጉ ደንብ አንቀጽ ስምንት ነው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክለቡ የጡት ልጅ ይባላል። ወላጆቹ ለመስቀልና ለፋሲካ መጥተው ይጠይቁታል፤ ሲሄዱ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ ቲኬት የሚጠይቁም አሉ።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ወይ ወደ ዋናው ቡድን ያልፋል፣ ወይ ይለቀቃል። ካለፈ በማልያው ጀርባ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፤ የራሱና ባለፈበት ቀን በእጁ ያለበት አሳዳጊ ስም። አገር ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው በዚያ ስም ነው። የወለደውን አባት ስም የሚያስታውሰው ቀበሌው ብቻ ነው።

ድልነሳው አሥራ አንድ ልጅ መልምሎ አሳድጓል። አንዱም አላለፈም። ከአሥራ አንዱ አንዱ ፋርማሲስት ሆኗል፤ ሁለቱ መስመር ዳኞች ናቸው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ላይ ሊፍት ይጠግናል። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ለዘመን መለወጫ ይደውሉለታል፤ ስሙን ግን የሚሸከም የለም። ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ነገ ነገ ሲል እዚህ ደረሰ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። አሁን በእጁ ያለው የመጨረሻው ልጅ ምንይችል ሲመረጥ ተስፋው ሰማንያ ሦስት ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ስምንት ወርዷል። ምንይችል ግን ሳህኑ ላይ እህል አስተርፎ አያውቅም።

ታዲያ ክለቡ ለምን አላሰናበተውም? የሥርዓት ነጥቡ መቶ ስለሆነ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ግድግዳው ካለው አንዲት ጠብታ አጉድሎ ወይም ጨምሮ አያውቅም። ስለዚህም የሌሎቹን አሳዳጊዎች የዕለት መዝገብ የመመርመር ሥራ ተደርቦ ተሰጥቶታል። የሚያሳድገው የማያድግለት ሰው፣ ሌላው በትክክል ማሳደጉን ይቆጣጠራል። በዚህ የሚስቅ ሰው አፋፍ ላይ አልነበረም፤ ወይም ነበረ፣ ድልነሳው ፊት አይስቅም።

እሑድ እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ሰንጠረዡ ይወጣል። አሳዳጊ በስሙ አንጻር ያሳለፈው ልጅ ብዛት ይጻፍለታል። ከላይ ዘርትሁን፣ አራት። ከዚያ ባለሦስቶቹ፣ ባለሁለቶቹ፣ ባለአንዶቹ። ከታች ድልነሳው። ድልነሳው ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰንጠረዡ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚበላው፤ ግን ጀርባውን የሚሰጠው የት እንዳለ አውቆ ነውና ያው ማየት ነው።

ዘርትሁን ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ይችላት ነበር። ዘርትሁን ግን ከአሥራ አንዱ አንዷ ነበረች። በዘጠኝ ዓመቷ ማር ያጠባት እሱ ነው። አምስት ዓመት አብራው ኖራለች። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ግድግዳው፣ ቁርጭምጭሚቷ በሃያ ሁለት ዓመቷ ይደክማል ብሎ ተናገረ፤ የመልቀቂያ ወረቀቷ ላይ የፈረመውም እሱ ነው። አንድ ፊርማ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት በሁለቱም እግሮቿ እየሮጠች መጥታ የአሳዳጊነት ፈተና ተፈተነችና አንደኛ ወጣች። ይኸው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከእጇ የወጣ ልጅ ሁሉ አልፏል። ሕዝቡ በየጨዋታው «ዘርትሁን፣ ዘርትሁን» እያለ የሚጮኸው ለእሷ አይደለም፤ ለአራቱ ልጆቿ ጀርባ ነው።

በጥቅምት ሦስተኛው እሑድ የልማት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ወሬውን ተናገረ። ትርሲት፣ የዘርትሁን ልጅ፣ ኅዳር ሃያ ወደ ዋናው ቡድን ታልፋለች። ተስፋዋ ዘጠና ሰባት ነው፤ አፋፍ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። ሰው አጨበጨበ። ዘርትሁን ወጥ የነካ እጇን እንደያዘች ብድግ አለችና ምቀኛ አታሳጣኝ እያለች በሳቅ ፈረሰች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ድልነሳው ከቦታው ተነሥቶ ሄዶ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። አብረን ደስ ይበለን ጋሼ አለችው። ጉንጯን ሲስም ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ድልነሳው ራሱም አልካደውም። ማታ ማታ፣ ይህ ቅናት ነው፣ ቅናት ደግሞ በሽታ ነው፣ በሽታ ደግሞ ምክንያት አለው ይል ነበር። እሷ የምትመግበው እሱ የሚመግበውን ነው። የምታስመታው ሁለት መቶ፣ እሱም ሁለት መቶ። ግድግዳው አንድ ነው። እንግዲህ የሆነ ነገር ትደብቃለች ማለት ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እንዲህ ያሰበው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጠረ።

የሦስት ዓመት መዝገቧን ዘርግቶ አሥራ አንድ ቀን መረመረ። ከእሱ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር አስተያየው። የእሱ ነው የሚመስለው። እንቅልፉ፣ ወተቱ፣ ምስሩ፣ ዱላው፣ ሁሉም ልክ። እንዲያውም አንዳንዱ ቀን የእሷ ከእሱ ይበልጥ ንጹሕ ነበር፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕመም ሆነበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ያየው። በየቅዳሜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ «ዕረፍት»። እሱም ጋ ዕረፍት ነው። ነገር ግን የትርሲት ልብ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በደቂቃ መቶ አርባ ይመታል። አርፎ የተኛ ሰው ልብ መቶ አርባ አይመታም። ግድግዳው ዕረፍት የተባለን ነገር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥራ የተባለውን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንይችልን አስተኝቶ ወጣ። የዘርትሁን ቤት ከአፋፉ ጫፍ ላይ ነው፤ ጓሮዋ በጽድ የታጠረ ነው። በስልሳ ዓመቱ ዋዜማ ጽድ ውስጥ ተወሽቆ የሰው ጓሮ ማየት ያሳፍራል፤ አፈረም፤ ግን አየ።

ዘርትሁን ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አስራ፣ የገና ዱላ ይዛ በሁለት ድንጋይ መሀል ቆማለች። ትርሲትና ሌላው የምታሳድገው ልጅ፣ የአሥር ዓመት ብላቴና፣ ለሁለት ያጠቋታል። ግድግዳ የለም፣ ቆጣሪ የለም። ትርሲት ጥንጉን መታችው፤ ጥንጉ ዘርትሁን እግር ሥር ሾልኮ አለፈ። ያኔ ሁለቱ ልጆች ዱላቸውን ጥለው እጅ ለእጅ ተያያዙና እየጨፈሩ መሳደብ ጀመሩ።

«የዘርትሁን እግር ሸምበቆ ነው መሰል፣
ነፋስ ሲነካካው ይላል ዘንበል ዘንበል።»

ዘርትሁን አንተ እበት፣ አንቺ ቀርፋፋ እያለች በዱላ ታሯሩጣቸዋለች፤ ሲያመልጧት ይብስባቸዋል፤ ስለ አፍንጫዋ፣ ስለ ማንኮራፋቷ፣ ባል ስላለማግኘቷ ይገጥማሉ። እሷ ሣሩ ላይ ተቀምጣ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ። አያቶቻችን ሜዳ ላይ ጌታቸውን በግጥም ሲዘልፉት የዋሉ ናቸው፤ በዚያ ቀን ባሪያና ጌታ አልነበረም ይላሉ። ክለቦቹ ይህን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አስቀርተውታል፤ የልጅ ልብ ያለ ሥራ ያስመታል ተብሎ።

ድልነሳው ጽዱን እንደያዘ ቀረ። ግጥሙን ያውቀዋል። የዘርትሁን እግር አልነበረም፤ የድልነሳው እግር ነበር። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ጓሮ ውስጥ፣ አሥር ዓመት ያልሞላት ቀጫጫ ልጅ ጎል ባገባችበት ቁጥር እየዘለለች የምትዘልፈው እሱን ነበር። እሱም እንዲህ ሣር ላይ ተንከባልሎ ይስቅ ነበር። ያኔ ደንቡ ገና አልጠበቀም፤ እሱም ገና ሰው ነበር። ወረቀቷ ላይ ከፈረመ በኋላ ከአንድም ልጅ ጋር ዱላ ይዞ አልተጫወተም። ግድግዳው ካለው ያልወጣ ሰው፣ ልጁ ቢወድቅ ጥፋቱ የግድግዳው ነው።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለው ነበር። የዘራሁት በቅሏል ብሎ ተመልሶ ሄዶ፣ ምንይችልን ቀስቅሶ፣ ዱላ ያዝ ይለው ነበር። ድልነሳው ግን የተሰረቀ መሰለው። አራቱ ማልያዎች፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ ዘጠና ሰባቱ፣ ሁሉም ከእሱ ጓሮ የወጣ ነው፤ የተጻፈው ግን የእሷ ስም ነው። የእኔን ነው የበላችው አለ፤ ቤቱ እስኪደርስ ይህንኑ ደጋግሞ አለው። ደንቡን ደግሞ በቃሉ ያውቀዋል። መዝገብ ያሳሳተ አሳዳጊ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ልጆቹ ቦታ ላለው፣ በሥርዓት ነጥብ አንደኛ ለሆነ አሳዳጊ ይሰጣሉ። ኅዳር ሃያ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። አቶ ልሳነወርቅ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ፤ ይህን ባላየው ይሻለኝ ነበር አለ። ሊጉ ራሱ ቢደርስበት ክለቡ ሦስት የምልመላ ተራ ያጣል፤ ስለዚህ አይቶ ማለፍ አይችልም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ድልነሳው እኔ ደንቡን እንጂ ምን አልኩ አለ። ልሳነወርቅ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ጋሽ ድልነሳው» አለው በመጨረሻ።

ለድልነሳው ግን ዘጠና ሰባት ዘጠና ሰባት ነው፤ ማንም ያሳድገው።

ዘርትሁን ፈቃዷን ተነጠቀችና ወደ ለካዮቹ ክፍል ተዛወረች፤ ከሰኞ ጀምሮ በየገጠር ትምህርት ቤቱ እየዞረች የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ትለካለች። ብላቴናው ለሌላ አሳዳጊ ተሰጠ። ትርሲትን ወደ ድልነሳው ቤት ይዛ የመጣችው ዘርትሁን ራሷ ናት፤ ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ ዱላዋን በሌላው ይዛላት። በረንዳው ላይ ቆማ፣ እንደ ሐኪም፣ ልጅቷ ማታ እግሯ እንደሚቀዘቅዝ፣ ወተት ከቀዘቀዘ እንደማትጠጣ፣ ስትበሳጭ ዝም እንደምትል ነገረችው። አላለቀሰችም። አልተሳደበችም። ድልነሳው ብትሳደብ ይሻለው ነበር፤ የሚመልሰው አዘጋጅቶ ነበርና።

«እርስዎ ሲያሰናብቱኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም» አለችው ቀስ ብላ። «አሁንም አልጠይቅም፣ ጋሼ። ልጅቷን ብቻ አደራ።»

ልጅ እያለች አንተ ነበር የምትለው።

ማሩ በደንቡ መሠረት በአቶ ልሳነወርቅ ፊት ሆነ። ለዘጠኝ ዓመት ሕፃን የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ሕፃኑን አቅፈህ ጣትህን ታጎርሰዋለህ። ትርሲት ግን አሥራ አምስት ሊሞላት ነው፤ ከድልነሳው በስንዝር ትረዝማለች። አውራ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ ቆመ። ልጅቷ ዝቅ አለች፣ ማሩን ላሰች፣ ቀና አለች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ልሳነወርቅ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ማን እንደጻፈባቸው አልተነገራትም። ልጅ ግን ያልተነገረውን ያውቃል። ድልነሳው ታምጽብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ዱላ ትወረውራለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ቁጥሯ ይወርዳል ብሎ። ምንም የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች። ሳህኗን አጥርታ ትበላለች። ክርንሽን ዝቅ ሲላት እሺ ጋሼ ትላለች፤ ክርኗም ዝቅ ይላል። ከመቀመጫው ሲነሣ ትነሣለች። ምንይችልን አስለምዳ ሁለቱም አብረው ይነሡለት ጀመር። ተስፋዋ ዘጠና ሰባት ላይ ረግቶ ቀረ። ድልነሳው በሦስት ሳምንት ውስጥ የጨመረባትም የቀነሰባትም ነገር አልነበረም፤ ሌላ ሰው የጋገረውን ዳቦ ተሸክሞ ወደ ድግሱ የሚሄድ ሰው ሆኖ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዱላ ይዞ ወደ ጓሮ ብቅ አለ። አብረን ትንሽ ብንመታስ አላት። ትርሲት አዘነችለት መሰል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዕረፍት ሰዓት መተኛታችን አሁን በግድግዳው ይረጋገጣል ጋሼ፣ ሪፖርት ከተደረገ ወዲህ አለችው። ልክ ነበረች። ሄዳ ተኛች።

ትርሲት ኅዳር ሃያ አለፈች። እሑድ ምሳ ላይ ሰንጠረዡ ወጣ፤ ድልነሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። በስሙ አንጻር አንድ ተጽፏል። የጨበጡት ነበሩ፤ የጨበጡት ሰዎች እጅ ቶሎ ይለቅ ነበር እንጂ። ባለሁለቶቹ ጠረጴዛ ላይ አንዷ፣ እንዲህ ከሆነማ እኛም ጽድ ውስጥ እንግባ ብላ ስታንሾካሹክ ሰማ። ምን ያድርግ፤ ስሙ ተጽፏል። ጽሕፈት ጽሕፈት ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ስለ ጽዱ የት ያውቃል?

የመጀመሪያ ጨዋታዋ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነበር፣ በአፋፍ ሜዳ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ከሰዓት። ድልነሳው ጋቢውን ደርቦ አሳዳጊዎች ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቡድኑ ሲገባ ቁጥር አሥራ አራት ጀርባዋን ስትሰጠው ስሙን አየው። ትርሲት ድልነሳው። ጥቁር ማልያ፣ ነጭ ጽሕፈት። እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ አጠገቡ ያለው ሰውዬ አባት ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አዎ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት የተጠበቀች ቃል ናት፤ በአግባቡ ጣፈጠችው።

ልጅቷ ደግሞ ተጫወተች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሦስት ሰው አልፋ፣ ዱላዋን በግራ እጇ ገልብጣ የመታችው ጥንግ በረኛው እጁን ሳያነሳ ገባ። ግድግዳው እንዲህ ያለ አመታት አያስተምርም። ሜዳው ተነሣ። አሥር ሺሕ ሰው «ድልነሳው! ድልነሳው!» አለ። ሞት እንኳ አሁን ቢመጣ ቆይ አልለውም አለ በልቡ።

ጨዋታው እንዳበቃ ወደ ሜዳው ወረደ፤ አሳዳጊ ልጁን ከሜዳ ይዞ ይወጣል፣ ወጉ ነው። ትርሲት ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ሰሜኑ አጥር ስትሮጥ አያት። ከአጥሩ ማዶ፣ ቲኬት ቆርጦ ከሚገባው ተራ ሕዝብ መካከል፣ የለካዮቹን ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች። ዘርትሁን ናት፤ ጫማዋ ላይ የየት አገር ጭቃ እንዳለ አይታወቅም፤ ከአንዱ ገጠር በቀጥታ ነው የመጣችው። ትርሲት አጥሩ ጋ ስትደርስ ሰላም አላለቻትም። ዱላዋን ወደ ላይ አንሥታ፣ አገር እየሰማ፣ በጩኸት በጎረነነ ድምፅዋ፦

«ጥንጉ በእግሯ መሀል ሾልኮ ጎል ሲገባ፣
ዘርትሁን በር ከፍታ ‹ግባ› አለችው ‹ግባ›።»

ዘርትሁን በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ የልጅቷን ጆሮ ያዘች፤ አንቺ ባለጌ፣ አንቺ የማታፍሪ እያለች ትጎትታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ትርሲት ሌላ ጨመረች፣ ከዚያም የባሰ፣ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ሆዱን ይዞ እስኪያጎነብስ ድረስ። ድልነሳው አምስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ልጅቷ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ነው የቆመችው፤ ስሙን ለማንበብ በቂ ጊዜ ነበረው። አነበበው። ከሰንጠረዡ፣ ከአራቱ ማልያ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከቀናበት ነገር ሁሉ ይልቅ ያን ስድብ ተመኘው። ያ ስድብ የእሱ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከሜዳው ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ በገደሉ ይታጠፋል፤ እዚያ ግድግዳም ቤትም የለም፤ ቁልቁል ቆላው ብቻ ይታያል። ትርሲት በአንድ እርምጃ ከኋላው ትሄዳለች፤ ሻንጣውን አልሰጥም ብላ ይዛለታለች። ድልነሳው ቆመ። እሷም ቆመች።

«ስደቢኝ» አላት።

«አቤት ጋሼ?»

«እንደ እሷ። ግጥም ግጠሚና ስደቢኝ። አልቆጣም።»

ልጅቷ ፊቱን አየችው፤ የእውነቱን መሆኑን ለማወቅ ነው። እምቢ አላለችም፤ እምቢ ብላው አታውቅም። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እግሮቿን ገጠመች፣ እጆቿን ጎንና ጎኗ ላይ አደረገች። ትንሽ አሰበች። ነፋሱ ማልያዋን ያርገበግበዋል። ከዚያ፣ ክፍል ውስጥ ተጠርታ እንደምታነብ ተማሪ፣ ጥርት ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ ድልነሳው ደግ ሰው ናቸው፣
ዕድሜና ጤናውን ጌታ ይስጣቸው።»

ጨርሳ ጠበቀችው። ሲያይ ቆየ፣ ሌላ ይመጣ እንደሆነ። አልመጣም።

«ይበቃል፣ ጋሼ?» አለችው።

«ይበቃል» አላት።